እስከ በየዳ የሚደርስ ክብደት

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ። ጠዋት 3 ሰዓት

አራተኛ ሙከራ። የዳባቱ ሠርግ ቪዲዮ በኢንተርኔት፣ በሰከንድ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ኪሎቢት። እታች ሐጂ ሰይድ ሱቅ ውስጥ ይሄዳል። መናኸሪያው ጋ ይንተባተባል። ከከተማው ሲወጣ፣ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ፣ ሙሽራዋ አፏን ከፍታ ትቀራለች። ቀነስኩ። አንድ ሺህ። አፏን ዘጋች፤ የቀሚሷ ጥልፍ ግን ገንፎ ሆነ። ስምንት መቶ ላይ እናቷም አታውቃትም። አንድ ሺህ ይሁን። ጥልፉን ማየት የፈለገ ሠርጉ ላይ ይገኝ ነበር።

ብርድ። ጣቶቼ አይታዘዙም።

ዳ. ደወለ።

ደብተሬ፣ ዳ. ማለት ዳዊት ነው። ሙሉ ስሙን ይቺን አንዴ ጻፍኩልሽ፤ ከዚህ በኋላ ቀለም አላባክንበትም። አብረን ሠርተናል። ካሜራው የሱ፣ እጁ የኔ። ከዚያ ጎንደር ወርዶ በሩ መስታወት የሆነ ስቱዲዮ ከፈተ። እኔ እዚሁ ደባርቅ፣ ከሐጂ ሰይድ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ቀረሁ። ከሄደ ወዲህ ደውሎ አያውቅም። ዛሬ «እህቴ» አለኝ።

ስለ ሰሜን ተራሮች ፊልም ሠርቷል፣ ለአንድ ሎጅ። አሥራ ስምንት ደቂቃ። ኅዳር 6 ቅዳሜ እዚህ በከተማው አዳራሽ ይመረቃል። የሎጁ ባለቤቶች በያሉበት አገር ሆነው በዚያው ሰዓት ስለሚያዩ አዳራሹም ከኢንተርኔት ነው የሚያየው። የዚህን አገር ኔትወርክ ደግሞ እኔ ነኝ የማውቀው። ለየቦታው ኔትወርክ ክብደቱን አመጣጥኜ ኤክስፖርት ላድርግለት። ከውስጡ ምንም ሳልነካ፣ አለ። እንደላከልኝ ብቻ።

እሺ አልኩ። ድምፄ ደኅና ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የሙሽራዋን ፋይል ሁለቴ ጫንኩት። ብርዱ ነው።

ከሰ. 9 ሰዓት

ለምን እሺ እንዳልኩ ልንገርሽ።

የሐጂ ሰይድ ልጅ ኒካህ ጊዜ ነው። ጅዳ ያሉት ዘመዶች፣ ዳባት ያሉት፣ ሁሉም በየስልካቸው ተሰብስበው ቪዲዮውን ይጠብቃሉ። እኔ ቀለል ያለውን አዘጋጀሁ። ዳ. «ይሄ ጭቃ ነው» አለና ከባዱን ጫነ። ሙሽራዋ አልመጣችም። የመጣችው ክቧ ናት፣ መሀል ስክሪን ላይ የምትሽከረከረው። ዘመድ አዝማድ ክብ ሲያይ ዋለ። ሰው ሲጠይቀው ዳ. «ትርንጎ ናት የጫነችው» አለ። በቃ። ከዚያ ቀን ወዲህ ባጃጅ ነጂዎቹ ስም አወጡልኝ። «ሎዲንግ! ግቢ ላድርስሽ፤ ወይስ እየተሽከረከርሽ ትደርሻለሽ?» ከተማው ውስጥ ትርንጎ ብለው የሚጠሩኝ ሐጂ ሰይድ ብቻ ናቸው፤ ኒካሁ የተበላሸባቸው እሳቸው ሆነው ሳለ።

ስለዚህ እሺ አልኩ። ኅዳር 6 ሱፍ ለብሶ መድረክ ላይ ይቆማል። ከኋላው ክቧ ትሽከረከራለች። አዳራሹ ጢም ብሎ። እኔ አንድ ቁጥር ብቻ ነው የምመርጠው።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ። ረፋድ

ገበያ ነው። የሐጂ መቀስ ጨርቅ ሲቆርጥ ከታች ይሰማኛል። ሃርድ ዲስኩ በአውቶቡስ ረዳት እጅ መጣ፤ በፎጣ ተጠቅልሎ።

ከፈትኩት። ያምራል። የሚያናድደው ይሄ ነው። ጭጋጉ ከገደሉ ሥር ሲነሣ። ጅብራዎቹ ተደርድረው። ጭላዳዎቹ ሣር ሲነጩ። ሁሉንም ያነሣኋቸው እኔ ነኝ፤ በደረቴ ተኝቼ፣ ክርኔ እስኪላጥ። መጨረሻው ላይ «ቀረጻና ዝግጅት» ይልና የሱ ስም ብቻ። ይሄን ጠብቄዋለሁ። አልነካኝም ማለት ይቻላል።

አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ግን አባቴ አለ።

ከሰ. 8 ሰዓት

ወጥቼ ተመለስኩ። የገበያውን ሰው ገፍቼ እስከ መውጫው ሄድኩ። አሁን መጻፍ እችላለሁ።

አባቴ የፓርኩ ስካውት ነበር፣ ጨነቅ ካምፕ። ዕድሜውን ጠመንጃ ይዞ ዋልያ ሲጠብቅ ጨረሰው። ካረፈ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ፊልሙ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፣ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ። ያን ቀን ካሜራውን የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ የሚያየው ሌንሱን አይደለም፤ እኔን ነው። በረዶ በጣለ ጠዋት እሱ እስካለበት ድረስ ስለመጣች አንዲት ዋልያ ያወራል። «እሷ አትፈራኝም። እኔ ነኝ የምፈራው፣ እንዳትሄድብኝ።» ከዚያ ይስቃል። ሳቁ ሲያልቅ ያስላል።

ካረፈ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። የትም የለም። ፋይሎቹን ሁሉ ዳ. ይዟቸው ነው የሄደው።

ከፊቱ ሥር ጽሑፍ አለ፦ «የአካባቢው አዛውንት»።

ይኸው ነው። ዘለቀ አይልም። አያ ዘለቀ አይልም። ዳ. ከጨነቅ ወዲያ፣ በየዳ እቤታችን ሰንብቷል። አባቴ በእጁ አጉርሶታል። ስሙን ረስቶት አይደለም፤ ስም የሚያስፈልገው ሰው አልመሰለውም።

አሁን ክቧ አነሰችብኝ።

ጥቅምት 23፣ እሑድ

ደወልኩለት። በትሕትና። የአባቴ ስም እንዴት ቀረ ብዬ። ምን ቢል ጥሩ ነው? ሎጁ ጽሑፍ እንዲያጥር ፈልጓል። ስም ሲበዛ ተመልካች ይሰለቻል። የጭላዳው ሳይንሳዊ ስም ሳይቀር ተጽፏል አልኩት።  ቀጥሎ፣ ካሜራው የኔ ነበር አለ። ቀጥሎ ድምፁን አለስልሶ፣ አባትሽ በሕይወት ቢኖሩ ደስ ይላቸው ነበር አለ።

ስልኩን ዘጋሁ። መስኮቱን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት።

ዕቅድ። ለአዳራሹ ስምንት ሺህ ኪ.ቢ. እሰጠዋለሁ። ጎንደር፣ መስታወቱ ውስጥ ሆኖ ሲሞክረው ቁልጭ ብሎ ይሄዳል። ያመሰግነኛል። ደባርቅ ላይ ይታነቃል። ጥፋቱን እንደ በፊቱ በኔ ሊያላክክ አይችልም፤ «ከፍተኛ ጥራት ይሁን» ብሎ የጻፈው እሱ ነው። መልእክቱን ቀድቼ አስቀምጫለሁ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

ለማስመሰል ሥራውን እሠራለሁ። ውጭ አገር ላሉት ስምንት ሺህ። ለጎንደርና ለአ.አ. ሁለት ሺህ አምስት መቶ። ለዳባት አንድ ሺህ። ከከተማ ለወጣ ስድስት መቶ። ለጨነቅና ከጨነቅ ወዲያ ላለው ሁለት መቶ፤ ሠላሳ ሜጋባይት እንኳ አይሞላ።

ኪ.ቢ. ምን እንደሆነ ካላወቅሽ፣ በያንዳንዱ ሰከንድ ስንት ትጭኛለሽ ማለት ነው። ጎንደር ድረስ አይሱዙ የሚሸከመውን ቧሂት ተራራ ላይ በቅሎ ይዞት አይወጣም። ወይ ትቀንሺለታለሽ፣ ወይ መንገድ ላይ ይተኛል።

ደግሞ የሚበላውን እዪ። ጓሳ በነፋስ ሲወዛወዝ ሆዳም ነው፤ እያንዳንዱ ሰበዝ ለብቻው ይጠይቃል። የጭላዳ ፀጉርም እንደዚያው። ጭጋግ ምንም አይበላ። አባቴም ምንም አይበላ። ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ሰው፣ ከኋላው ገደል። ኮምፒውተሩ አንዴ ይሥለውና ከንፈሩን ብቻ ሲያንቀሳቅስለት ይውላል። ሁለት መቶ ላይ ሣሩ ፈርሶ አረንጓዴ ጭቃ ሲሆን እሱ እንዳለ ነው። በሕይወት ሳለም እንዲሁ ነበር። ማንንም ወጪ አያስወጣ።

ከሰዓት ወደ ሱቁ ወረድኩ። በሐጂ ስልክ ፊልሙን በሦስት ክብደት አሳየኋቸው፣ የትኛው ይሻላል ብዬ።

«እኔ የማውቀው ጨርቅ ነው» አሉ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። «ይሄ ሐር ነው። ይሄ አቡጀዴ። ይሄኛው አቡጀዴው ከታጠበ በኋላ።»

«የታጠበው ለበየዳ ነው፣ ሐጂ።»

«በየዳማ ብርድ አገር ነው! ለነሱ ስሱን ትልኪያለሽ?»

«ወፍራሙ አይደርስማ።»

ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ተቋረጠ። አሥራ አንደኛው ደቂቃ ደርሶ ነው። «ይሄ... አያ ዘለቀ አይደሉም?» ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ አራቁ። ጽሑፉን አንብበው ወደኔ ዞሩ።  አንዲት ሴት ዋጋ ጠየቀቻቸው፤ አልሰሟትም። «አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» አሉኝ በመጨረሻ። አይደለሁም አልኩ። «አይ፣ አንቺ አትሆኝም» አሉና ጨርቁን መጠቅለል ጀመሩ፤ ያልተፈታውን ጨርቅ።

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ

ለጨነቅ የሚሆነውን ለአያ ሞላ ላክሁት። የአባቴ ባልንጀራ ናቸው፤ አብረው ነው ያረጁት፣ በአንድ ድንኳን። እሳቸው አሁንም ስካውት ናቸው። ጨነቅ ላይ ኔትወርክ የሚይዝ አንድ ድንጋይ አለ፤ እሱ ላይ ቆመው ይቀበላሉ። ሁለት መቶው ወጣ አልወጣ እንዲነግሩኝ ብቻ ነው። ሙከራ ስለሆነ ለድምፁ ሃያ አራት ኪ.ቢ. ብቻ ተውኩለት። ከፊልሙ ውስጥ አባቴ መኖሩን ነገርኳቸው። ለራስዎ ብቻ ይሁን አልኳቸው። ለማንም አያሳልፉ።

«እሺ ልጄ» አሉ።

ለምን እንደላክሁት አሁን ራሴን እጠይቃለሁ። የዳ.ን ፊልም ለማነቅ ለወሰነ ሰው ፊልሙ ጨነቅ መድረሱ ምን ይጠቅመዋል? ምናልባት ሌላ ሰው እንዲናደድልኝ ፈልጌ ነው። ብቻዬን መናደድ ደከመኝ።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

ከአያ ሞላ ምንም የለም። ስልካቸው አይገኝም።

አዳራሹን ልለካ ሄድኩ። ባዶ። ወንበሮቹ ተገልብጠዋል። ሁለት ሺህ ያለ ችግር ይሄዳል፣ አራት ሺህ አልፎ አልፎ ይደናቀፋል። ግን የሚመጣው ቅዳሜ ባዶ አይሆንም። ሰው ሲሞላ ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ሁሉ ከአንድ የኔትወርክ ማማ ነው የሚጠባው። ባዶ አዳራሽ የሚችለውን ግማሹን ቁጠሪ፤ ከዚያም ትንሽ ቀንሺ። ይሄን ዳ. አያውቅም። ስምንት ሺህ እዚህ ሦስት ሰከንድ አይቆምም።

መድረኩ ላይ ወጥቼ እሱ የሚቆምበት ቦታ ቆምኩ። ከዚያ ላይ የፊተኛው ረድፍ በጣም ቅርብ ነው። የሰው ዓይን ይታያል።

ጥቅምት 30፣ እሑድ

አሁንም የለም። እንቅልፍ ራቀኝ። አንድ ነገር ሆኗል።

ኅዳር 1፣ ሰኞ። ከሰ. 10 ሰዓት

አያ ሞላ ደወሉ። ከኋላቸው ነፋሱ ያፏጫል። ተቆጥተዋል ወይስ አፍረዋል፣ መጀመሪያ አልለየሁትም። ሁለቱንም ነው።

የሆነው ይሄ ነው። ረቡዕ ፋይሉ ደረሳቸው። ከፈቱት። ባልንጀራቸው አወራ። ብቻቸውን ሊይዙት አልቻሉም። «ለራስዎ ብቻ አልሽኝ። የሞተ ሰው ድምፅ እንዴት ለብቻ ይያዛል፣ ልጄ?» ለስካውቶቹ ሁሉ ከስልክ ወደ ስልክ አሳለፉት። ያየ ሁሉ አለቀሰ። ማንበብ የሚችል ሁሉ ስለ ጽሑፉ ጠየቀ። ከዚያ አንዱ ተረኛ ወደ በየዳ ሊሄድ ሆነ፣ ስልኩን ይዞ። አያ ሞላ ደነገጡ። እናቴ የባሏን ድምፅ በድንገት፣ ከሰው ኪስ፣ ውኃ ስትቀዳ ብትሰማውስ? እንዲህ ያለ ነገር በወጉ ነው የሚነገር። እሳቸውም በወጉ አደረጉት። አንድ ሽማግሌና የንስሐ አባቷን ይዘው፣ ጎህ ሲቀድ፣ ጋቢ ተከናንበው ቤቷ ሄዱ።

ደብተሬ፣ ገባሽ?

በኛ አገር ሰው ጎህ ሲቀድ ቄስ ይዞ ደጃፍ የሚቆመው ለአንድ ነገር ነው። እናቴ በሩን ከፈተች። ተከናንበው የቆሙትን አየች። የቀረኋት እኔ ብቻ ነኝ።

«ትርንጎዬን!» ብላ ወደቀች።

ማንም አልሞተም ይሏታል። ማን ያምናቸዋል? መርዶ ነጋሪ መጀመሪያ የሚለው እሱኑ ነው። ጎረቤት እሪታውን ሰምቶ እየጮኸ መጣ፣ የኔን ስም እየጠራ። እናቴ ፊቷን ነጨችው። አያ ሞላ ስልኩን አወጡና ቪዲዮውን ከፈቱ፤ የሚሉት ቢጠፋቸው። በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሀል አባቴ ስለ ዋልያዋ ያወራል። ማንም አይሰማውም።

«ቆይቶ ነው የገባት» አሉኝ። «ደግ ያደረግሁ መስሎኝ ነው ልጄ። እግዜር ያውቃል። ይቅር በይኝ።»

ይቅር አልኳቸው። ቶሎ አልኩ፤ ጩኸቴ እንዳያመልጠኝ።

ፊቷ ላይ ያለው ቁስል የማን ሥራ ነው? ስም ያልጻፈው ሰው? ፋይሉን የላከችው ሴት? ስላቀለልኩት ነው የደረሰው። ከባድ ቢሆን ኖሮ ድንጋዩ ላይ ይቀር ነበር።

አይ። የዳ. ነው። ሌላውን ነገ አስብበታለሁ። ዛሬ የዳ. ይሁን።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ። ቀትር

እናቴ ከአያ ሞላ ጋር ኔትወርክ እስካለበት ወጥታ ደወለች።

«አለሽ?» አለች።

«አለሁ፣ እማ።»

«ሌላም ተናገሪ። አለሁማ ማንም ይላል።»

ስለ ብርዱ ነገርኳት። ስለ ሐጂ ጉልበት ሕመም። አላመነችም። ምሳ ምን በላሽ አለችኝ። ሽሮ አልኩ።

«ዛሬም ሽሮ? ኧረ አንቺው ነሽ!» ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ አፍንጫዋን ስትናፈጥ ሰማሁ። አጠገቧ ያሉት ሰዎችም ሲስቁ ይሰማል።

 ከነፋሱ ዘወር አለች መሰለኝ፣ ድምጿ ቀረበ።

«አባትሽን ሰማሁት» አለች። «ቀጠነብኝ። ያን ጊዜ ጉንፋን ይዞት ነበር እንዴ?»

ጉንፋን አልያዘውም። ያቀጠንኩት እኔ ነኝ። ሃያ አራት ኪ.ቢ.። «ከመስመሩ ነው፣ እማ» አልኳት። «አስተካክለዋለሁ።»

«ፊቱስ ግድ የለም። ፊቱን አውቀዋለሁ፤ ዓይኔን ስጨፍን ይመጣልኛል። ድምፁ ነው የጠፋኝ። ባለፈው ክረምት ነው የጠፋኝ። ለሰው አልተናገርኩም፣ ያሳፍራል።»

 ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። 

ከዚያ ድምጿ ተለወጠ። «ከሥሩ የተጻፈውን ሞላ አነበበልኝ። ያ እኛ ዘንድ የሰነበተው አይደለም የሠራው? ድንች በበርበሬ የሚወደው?»

«እሱ ነው።»

«ስሙ ቢጠፋበት እኔን አይጠይቅም ነበር?» መለስ አለችና፣ «ቅዳሜ ነው አሉ የሚያሳየው። የት ነው?»

ነገርኳት።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ዕቅዴ የሕፃን ዕቅድ ነበር።

እስቲ አስቢው። ቅዳሜ ፊልሙ ይጀምራል። ክቧ ትመጣለች። ሰው ይስቃል፣ ኔትወርኩን ይራገማል። ዳ. ግንባሩን በመሀረብ ይጠርጋል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ለስላሳ ይታደላል። አሥራ አንደኛው ደቂቃ አይደርስም። ማንም ያቺን ጽሑፍ አያያትም። ሰው ያዝንለታል እንጂ! እዚህ አገር በኔትወርክ ያልተጎዳ የለም። ክቧ ለሱ ቅጣት አይደለችም፤ መደበቂያ ናት። እኔ በገዛ እጄ ልደብቀው ነበር።

ከባዱ ፋይል ሁልጊዜም ለሱ ነው የሚመቸው። ጎንደር ያያል፣ አ.አ. ያያል፣ ባሕር ማዶ ያያል። እነሱ አያ ዘለቀን አያውቁም፤ «የአካባቢው አዛውንት» ይበቃቸዋል። የሚያውቁት ደግሞ ከጨነቅ ወዲያ ናቸው፤ እዚያ ከባድ ነገር አይደርስም። ቁጥር መምረጥ ማለት ማን ይየው ብሎ መምረጥ ነው። ስንት ዓመት ስመርጥ ኖሬ ዛሬ ገና ገባኝ።

ስለዚህ ፊልሙ አይቆምም። አንዲት ሰከንድ እንኳ አይቆምም።

ለአዳራሹ፦ ዘጠኝ መቶ። ሰው ጢም ቢል፣ ስልኩን ሁሉ ቢከፍት ያልፋል። ስምንት መቶ ላይ ደግሞ በአዳራሹ ትልቅ ስክሪን ጽሑፉ ይደበዝዛል፤ ጽሑፉ እንዲነበብ እፈልጋለሁ። ፊደል በፊደል።

ለበየዳ፦ እንዲህ አድርጎ ኤክስፖርት ያደረገ ሰው አላውቅም። ለምስሉ መቶ ሃያ፣ ለድምፁ መቶ ሃያ ስምንት። ድምፁ ከምስሉ ይከብዳል። ሣሩ ጠፋ። ጭላዳዎቹ ቡናማ እድፍ ሆኑ። የዳ. ውብ ፊልም በሙሉ ተልባ ሆነ። አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ አባቴ ወጣ፤ ፊቱ ትንሽ ተሸርፏል፣ ድምፁ ግን ክፍሉን ሞላው። ከሳቁ በፊት አየር ሲስብ ይሰማል። ከሳሉ በኋላ ድንጋዩ ላይ እግሩን ሲያንቀሳቅስ ይሰማል። ይሄን ከዚህ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ስቀርጽም አልሰማሁትም።

ለናቴ ነው ያደረግሁት? ወይስ ዳ.ን ለማጋለጥ? ስካውቶቹ አባቴን ያለ ጥርጥር እንዲያውቁትም ይሄው ቁጥር ነው የሚያስፈልገው። ለሁለቱም አንድ ቁጥር ሆነብኝ። ልለየው ሞከርኩ፤ ተውኩት።

ከፊልሙ አንዲት ነገር አልነካሁም። ስሙን ልጽፍለት እችል ነበር። አልጻፍኩም። እንደላከልኝ ብቻ።

ለአያ ሞላ ላክሁ። አሁን ያሳልፉት አልኳቸው። ለሁሉም። በቅሎ ነጂዎቹም ሳይቀሩ። ቅዳሜ ማን ማን ይመጣል ብዬ ጠየቅሁ። «ተረኛ ያልሆነ ሁሉ» አሉኝ። «ተረኛውም ምትክ ፈልጓል።»

ኅዳር 5፣ ዓርብ። ከሰ. 11 ሰዓት

እናቴ ገባች። ከአያ ሞላ ጋር፣ በጭነት መኪና ጋቢና። ጉንጯ ላይ ሁለት መስመር፣ መድረቅ ጀምሯል። እጄን ይዛ መዳፌን ገልብጣ አየችው፤ እውነተኛ መሆኔን የምታጣራ ይመስል። ፊቷን ልነካ ስል ዘወር አለች።

አሁን ሐጂ ሱቅ ተቀምጣለች። ሐጂ አዲስ ነጠላ አወጡላት። አልቀበልም አለች።

«ወይዘሮ፣ እኔ ስጦታ አልሰጠሁም» አሉ ሐጂ። «ነገ ሲመለከቱዎት ከየት ተገዛ ይባላል። ለሱቄ ነው።»

«እንደዚያ ከሆነ ጥለቱ ሰፋ ይበል» አለች እናቴ።

ዳ. ደወለ። ጎንደር ላይ ሞክሮታል። የአዳራሹ ትንሽ ስስ ነው አለ። ለምን እንደሆነ አስረዳሁት፣ ማማውን፣ ሙሉ አዳራሹን። አንድም ውሸት የለበትም። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ አመሰገነኝ። ያኔም አንቺን መስማት ነበረብኝ አለ፤ የኒካሁን ማለቱ ነው። ደብተሬ፣ ይቺን ቃል ስንት ጊዜ በሕልሜ አስብዬው አውቃለሁ! መጣች። ምንም አልተሰማኝም። ዘግይታ መጣች።

 አንድ ነገር ብቻ ያስፈራኛል፤ እናቴ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ድምፁን ስትሰማ ምን እንደምትሆን። ጠየቅኋት። ማታ ብቻችንን ላሰማሽ አልኳት። አይሆንም አለች። «እኔን አንዴ ብቻዬን አስደንግጠውኛል። አሁን ሁሉም ባለበት ይሁን። ከዚያ እጠይቀዋለሁ።» ምን ብለሽ ትጠይቂዋለሽ አልኩ። «ማን ነው ይሄ ሰውዬ፣ እለዋለሁ። ይንገረኝ።»

ዳ. ስልኩን ሊዘጋ ሲል ደግሞ አንድ ነገር ትዝ ብሎት ነበር። ለፎቶ እንዲያምር ፊት ወንበር ላይ የአገር ልብስ የለበሱ አንድ ሁለት የገጠር እናቶች ቢቀመጡ ጥሩ ነው፤ ታገኚልኛለሽ ወይ አለኝ።

አንዲት አለችኝ አልኩት።

መሀል ላይ አስቀምጪያት አለ፣ ከመድረኩ ፊት ለፊት። ማን እንደሆነች አልጠየቀም።

መሀል ላይ አስቀምጣታለሁ።